ጃኬቴ በሥራ ላይ ነው

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኮምፒውተር እንደምታስተምሩ ከታወቀ አለቀላችሁ። ኤሌክትሪክ የነካው ነገር ሁሉ የእናንተ ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ በሥራ ተመድቤ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካውያ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ የጥርስ ሐኪም ወንበር «እስቲ እየው» ተብዬ አይቻለሁ። የሐኪሙን ወንበር ሳልነካው ወጣሁ። ካውያውን ግን ነካሁት፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ሸሚዙን ሳይተኩስ ነው የሚለብሰው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ «አይ፣ እኔ አልችልም» ማለት መልመድ ነበረብኝ። አልለመድኩም። የአፌ ነገር ከእጄ ይቀድማል፤ እናቴም ከልጅነቴ ጀምሮ የምትነግረኝ ይህንኑ ነው።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ ብርቱካን የሰፈሩ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ በግቢያችን ጓሮ አንድ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን አለው። ቁመቱ እንደ ቁም ሣጥን ነው፤ አራት መቶ እንቁላል ይይዛል። ውስጡ ያለው ሙቀት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተኩል ላይ መቆም አለበት። ችግሩ ማሽኑ ራሱ ዝንጉ ነው፤ አንዴ ማሞቁን ይረሳል፣ አንዴ ማቆሙን ይረሳል። ስለዚህ እንቁላሉ ከገባ ጀምሮ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ቴርሞሜትር ያያል። ሴቶቹ ተራ ይገባሉ። ተረኛ ሲታመም፣ ተረኛ ለቅሶ ሲሄድ፣ ተረኛ ሲሰለቸው ተራው የእትዬ ብርቱካን ይሆናል። ተራቸው ባልሆነ ቀን እንኳ ስልካቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ክፍት ነው።

በዚህ ምክንያት ሁለት ጊፋታ አመለጣቸው። ጊፋታ ማለት የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። መስከረም ላይ የሶዶ ሰው ግማሹ ወደየትውልድ ቀበሌው ይገባል፤ እናት ዘንድ ሳይደርሱ ዓመቱ ተለወጠ ማለት አይቻልም። የእትዬ ብርቱካን እናት የሚኖሩት ጉኑኖ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ልጃቸውን ጠብቀው፣ የበዓሉን ምግብ ባጭራን በቅቤ አርሰው፣ መጨረሻ ላይ ለጎረቤት አበሉት። ዘንድሮ መልእክት ላኩ፦ «ዘንድሮም ከቀረሽ የዶሮዎችሽ እናት ሁኚ እንጂ የእኔ ልጅ አትባዪም።»

እትዬ ብርቱካን ይህንን የነገሩኝ ቧንቧው ጋ ጀሪካን እየሞላሁ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አፌ ቀደመኝ!

«እትዬ፣ ዘንድሮ ይሄዳሉ። ማሽኑን የሚጠብቅ ፕሮግራም እኔ እሠራልዎታለሁ።»

«ቲቸር፣ እውነትህን ነው?»

«እንዴታ!»

በእርግጥ ሥራው ከባድ አልነበረም። ማኅበሩ በእርዳታ ያገኘው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ፤ ሊኑክስ ጫንኩበት። ሙቀት የምትለካ ትንሽ ሽቦ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ፕሮግራሙ በየደቂቃው ሙቀቱን ያነባል። ከልኩ ከወጣ ደወል ይደውላል፣ ለእኔና ለእትዬ ብርቱካን ስልክም መልእክት ይልካል። ሁሉ ሰላም ከሆነ ደግሞ ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በየሰዓቱ «ደህና ነኝ። ሠላሳ ሰባት ተኩል» ይላል። እትዬ ብርቱካን ወዲያው ስም አወጡለት፤ «ዘበኛው» አሉት።

አሁን ትንሽ ላስተምራችሁ፤ ልማድ ነውና ይቅር በሉኝ። ሊኑክስ ላይ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም በሁለት መንገድ ይቀጠራል። አንደኛው የማሽኑ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሥራ ይጀምራል፣ ሲጠፋ ያቆማል፤ ማን ገባ ማን ወጣ ጉዳዩ አይደለም። እሱን ለመቅጠር የዋናው አስተዳዳሪ ፓስወርድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአንድ ሰው የግል አሽከር ነው። ለእሱ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ጌታው ስሙንና ፓስወርዱን አስገብቶ ሲገባ ይነሳል፤ ጌታው ሎግ አውት ብሎ ሲወጣ ተከትሎት ይወጣል። ይህንን ያኔ አላውቅም ነበር ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ። ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ተማሪዎቼም መልሰውታል።

እንግዲህ የዋናውን አስተዳዳሪ ፓስወርድ የፈጠርኩት እኔው ነኝ። ግን ረሳሁት። ኮምፒውተሩን ያዘጋጀሁ ዕለት የማኅበሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ጋሽ አንጁሎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ጋሽ አንጁሎ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ወረቀት ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ለእሳቸው ብልጠቴን ላሳይ ብዬ ፓስወርዱን እንደ ባቡር አስረዘምኩት፣ በወረቀት ጻፍኩላቸው። እሳቸው ፖስታ ውስጥ ከተቱት፣ አሸጉት፣ በማሸጊያው ላይ ማኅተም አስመቱበት፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፉት። «ከእንግዲህ በደብዳቤ ብቻ ይከፈታል» አሉ። እኔም «እንዲህ ነው አሠራር!» ብዬ አጨበጨብኩ። በሳምንቱ ፓስወርዱ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

አሁን «ፓስወርዱን የረሳሁ ስለሆነ ፖስታው እንዲከፈትልኝ በማክበር እጠይቃለሁ» ብሎ ማን ይጻፍ? መምህር ነኝ እኮ! ስለዚህ ዘበኛውን በራሴ ስም፣ የግል አሽከር አድርጌ ቀጠርኩት። ለጊዜው ነው ያልኩት። ለጊዜው የሚባል ነገር በአገራችን እንዴት ዕድሜ እንዳለው ታውቃላችሁ። የግቢያችን ቆርቆሮ አጥር ለጊዜው ተብሎ ከተሠራ ወዲህ የሠራው ሰው ሦስት ልጅ ድሯል።

ለሙከራ ግማሽ ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ። የማሽኑን በር ስንከፍተው ደወል ጮኸ፤ ስንዘጋው «ደህና ነኝ» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እንደ ደንቡ ሎግ አውት አድርጌ ወጣሁ። ተማሪዎቼን ጠይቋቸው፤ በዓለም ላይ እንደ ሎግ አውት የምጨነቅበት ነገር የለም። ሳያደርግ የወጣ ተማሪ ከበር መልሼ ነው የማስደርገው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያለሁ እትዬ ብርቱካን ደወሉ።

«ቲቸር፣ ዘበኛው ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል።»

መጣሁ። ስሜን አስገባሁ፣ ፓስወርዴን አስገባሁ። ወዲያው የእሳቸው ስልክ ጮኸ፤ «ደህና ነኝ። ሠላሳ ሰባት ተኩል።» ኮምፒውተሩን ስጠይቀው አረንጓዴ ነጥብ አሳየኝ፤ «እየሠራ ነው» ይላል። ከጎኑ በደቃቅ ጽሑፍ «ሥራ ከጀመረ አሥራ ሁለት ሰከንድ» ይላል። ደቃቅ ጽሑፍ ማን ያነባል?

«ይኸው ይሠራል» አልኩ። «ኔትወርክ ይሆናል።» ሎግ አውት አድርጌ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ሄድኩ፤ ይሠራል። ወጣሁ፤ ዝም። መልእክት የሚልክበትን ሲም ካርድ ቀየርኩ። ሄድኩ፤ ይሠራል። ወጣሁ፤ ዝም። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ሶኬቱን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን ከመስኮት ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አይጥ ጠረጠርኩ፤ ወጥመድ አጥምጄ የራሴን ጣት ያዝኩ። አምስት ቀን እንዲህ ተመላለስኩ። ሴቶቹም ዘበኛውን ትተው ወደ ቴርሞሜትሩ ተራቸው ተመለሱ።

ለጊፋታ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማኅበሩ በግቢያችን አቮካዶ ዛፍ ሥር ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው እኔ ነበርኩ።

«ቲቸር ሲያይ ነው የሚሠራው» አሉ እትዬ ብርቱካን። «እሱ ሲሄድ ይተኛል።»

«እትዬ፣ ኮምፒውተር ሰው አይለይም» አልኩ፤ ድምፄን የክፍል ድምፅ አድርጌ።

ጋሽ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ነበር። ጠዋት ይመጣል፣ ኮቱን ወንበር ላይ ይሰቅላል፣ ይሄዳል። ባለጉዳይ ሲመጣ ኮቱን ያያል፣ አለ ብሎ ይጠብቃል። ጸሐፊዋም ኮቱን ታያለች፣ ሥራዋን ትሠራለች። እንደዚያ ስንት ዓመት ሠራን። ያንተን ጃኬት ብንሰቅልለትስ?»

ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። በእጅ ማንሳት ድምፅ ተሰጠበት፤ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ደገፉ። ያን ዕለት ስለተናደድኩ ገብቼ ዘበኛውን ቀሰቀስኩት። ሎግ አውት ልል እጄን ስሰነዝር እትዬ ብርቱካን ያዙኝ።

«ተው ቲቸር! ምንም አትንካ። ጃኬቱን ስቀልና ዝም ብለህ ውጣ።»

ሰማያዊ ጃኬቴን ወንበሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ዝም ብዬ ወጣሁ። ዘበኛው በሰዓቱ ላከ። በሁለተኛው ሰዓት ላከ። በማግስቱ፣ በማግስቱም ማግስት ላከ! ሴቶቹ በመንገድ ሲያገኙኝ «ጃኬቱ ደህና ነው?» ይሉኝ ጀመር። እኔ የሳይንስ ሰው፣ በመስከረም ዝናብ ያለ ጃኬት በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። እውነቱን ልናገር፤ በሦስተኛው ቀን እኔም በጃኬቱ ማመን ጀምሬ ነበር። ሊታጠብ ይገባዋል ብዬ ሳስብ ራሱ ፈራሁ።

የጊፋታ እሑድ ጠዋት እትዬ ብርቱካን አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። «አንተም ትመጣለህ፤ እናቴ እንድታይህ ትፈልጋለች» አሉኝ። ጋሽ አንጁሎ የሶዶ ተወላጅ ስለሆኑ ግቢውን ሊጠብቁ ቀሩ። የእትዬ ብርቱካን ታናሽ ወንድም አበራ በሞተር ብስክሌት ሦስት ሆነን ጉኑኖ አደረሰን።

እናትየው በር ላይ ቆመው ነበር። እትዬ ብርቱካን በወላይትኛ «ኣዬ!»፣ እማዬ፣ ብለው አንገታቸው ላይ ሲጠመጠሙ፣ ያ ሰፈር የሚያንቀጠቅጥ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነ። እኔም ወደ ኮረብታው ዞሬ ቆምኩ፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር። ከዚያ የእንኳን አደረሳችሁ «ዮዮ ጊፋታ!» ተባለ፣ ሥጋ ተቆረጠ፣ ዳጣ ቀረበ። ዳጣ የማያውቅ ሰው ካለ ልምከር፤ በርበሬው የወጣትነት ኃጢአትን ያስታውሳል። አራት ሰዓት ላይ ዘበኛው ላከ። አምስት ሰዓት ላይ ላከ። እትዬ ብርቱካን ስልካቸውን ለእናታቸው ያሳያሉ፤ እናትየው እንቁላሎቹ ደህና መሆናቸውን በሰሙ ቁጥር ለእኔ አንድ ጉርሻ ይጨምሩልኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ አልላከም።

ስድስት ተኩል ሆነ። እትዬ ብርቱካን ስልካቸውን ገልብጠው ያዩታል፤ እኔ የእኔን አያለሁ። ለጋሽ አንጁሎ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም። ሰባት ሰዓትም አለፈ፤ ዝም። በማሽኑ ውስጥ አሥራ ስድስተኛ ቀናቸውን የያዙ አራት መቶ እንቁላሎች አሉ፤ ጫጩቶቹን የሚጠብቁ አባወራዎች እስከ ሁምቦ ድረስ ተመዝግበዋል። እትዬ ብርቱካን ቀስ ብለው ተነሡ። እናትየው ለልጃቸው ያስቀመጡትን ባጭራ መልሰው ከደኑት። እኔ ያን ክዳን ሳይ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አበራ ሞተሩን አስነሣ። ዝናብ ወረደብን፣ ጭቃ ወጣብን። በመንገድ ላይ እትዬ ብርቱካን ከኋላዬ ሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «ጃኬቱን የሆነ ሰው አንስቷል» አሉ። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ይሆናል» አልኩ።

ግቢ እንደገባን ወደ ጓሮ ሮጥን። ጋሽ አንጁሎ ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቴርሞሜትር በአንድ እጅ፣ ደብተር በሌላው። ማሽኑ ጋቢያቸውን ለብሷል። ከጋቢው በላይ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ በላይ፣ እጅጌው በማሽኑ ወገብ ታስሮ፣ የእኔ ጃኬት!

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ» አሉ ረጋ ብለው። «ስልኬም ሞተ። ሙቀቱ እንዳይወጣ ያገኘሁትን አለበስኩት። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ከሠላሳ ስድስት በታች አልወረደም፤ በየአሥር ደቂቃው ተመዝግቧል።» ደብተሩን ዘረጉልን።

እትዬ ብርቱካን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ይስቁ ያልቅሱ መለየት አቃተኝ፤ ሁለቱንም ይመስለኛል። እኔም ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን አየር የጣፈጠኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አየሁት። በርቷል፤ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሣ አድርጌዋለሁ፣ ያን ያህልስ ብልህ ነኝ። ግን ስሜን እየጠየቀ ቆሟል። ስሜን አስገባሁ፣ ፓስወርዴን አስገባሁ። የእትዬ ብርቱካን ስልክ ጮኸ፤ «ደህና ነኝ። ሠላሳ ሰባት ተኩል።»

እሳቸው ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ማሽኑ ላይ የታሰረውን ጃኬት አዩ።

«ቲቸር፣ ጃኬቱ እኮ ወንበር ላይ የለም። ግን ተነሣ።» ትንሽ አሰቡ። «መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ብቻውን ተነሣ። ዘበኛው ግን አንተን ጠበቀ። አንተ ስትገባ ይነሣል፣ አንተ ስትወጣ ይወጣል። ያኔም ምንም አትንካ ስላልኩህ ከኮምፒውተሩ ሳትወጣ ስለቀረህ ነው የሠራው። ይሄ ዘበኛ ያንተ እንጂ የእኛ አይደለም።»

በስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ማንም ተማሪ እንዲህ አጥርቶ አልመለሰልኝም። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ፓስወርድ መርሳቴን፣ ደብዳቤ መፍራቴን፣ ለጊዜው ማለቴን። አበራ በር ላይ ቆሞ ሳቁን ለመያዝ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ አልቻለም።

«ታዲያ ፖስታውን እንክፈተው» አሉ እትዬ ብርቱካን።

«በደብዳቤ ነው» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ዛሬ ጊፋታ ነው፣ እንቁላሉ...»

«እንቁላሉን እኔ እያየሁት ነው። አንተ ጻፍ።»

ጻፍኩ። የእንቁላል ካርቶን ክዳን ላይ፣ ጭቃ በነካው እጄ፣ «ጉዳዩ፦ የረሳሁትን ፓስወርድ ይመለከታል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ አንጁሎ አነበቡት፤ «በማክበር» የሚለው ቃል ስለጎደለ መልሰው ሰጡኝ። ጨመርኩ። እትዬ ብርቱካን ከቦርሳቸው ማኅተሙን አውጥተው መቱበት። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ፖስታው ተቀደደ። ወረቀቱ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፦ «ሎግ አውት ሳታደርግ እንዳትወጣ»።

በየቀኑ ለተማሪዎቼ የምለው አረፍተ ነገር ነው። የማልረሳው ይሁን ብዬ መርጬው ነበር።

ቀሪው የአሥር ደቂቃ ሥራ ሆነ። ዘበኛውን ከእኔ ስም አውጥቼ የማሽኑ ቋሚ ሠራተኛ አደረግሁት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ስሜን ጠየቀኝ፣ አልሰጠሁትም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወደ በሩ ሄድኩ። አራታችንም ስልኮቹን እያየን ቆምን። ስልኮቹ ጮኹ፤ የእሳቸውም የእኔም። «ደህና ነኝ። ሠላሳ ሰባት ተኩል።»

«ሎኦ!» አሉ እትዬ ብርቱካን። በእናት ቋንቋቸው ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ ያን ቀን ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነበረበት። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አበራ ሞተሩን እንደገና አስነሣ። እትዬ ብርቱካን ጭቃ የነካውን አዲስ ልብሳቸውን አራግፈው ከኋላው ተቀመጡ፣ ከዚያ ዞር አሉ።

«ቲቸር፣ ጃኬቱን መልሰህ ወንበሩ ላይ ስቀል።»

«እትዬ፣ አሁን እኮ አያስፈልግም! እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስረዱኝ።»

«እሱስ ገብቶኛል» አሉ። «ግን መብራት ሲጠፋ ማን ነው የሠራው?»

ሰቀልኩት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው፤ ሌላ ጃኬት ገዝቻለሁ።

ጫጩቶቹ በቀናቸው ወጡ፤ ድምፃቸው እስከ ቧንቧው ይሰማ ነበር። እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው የጊፋታን ማግስት ነው። ጠዋት ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ በሰዓቱ መላኩን አየሁና፣ እትዬ ብርቱካንን እንኳን ደስ አለዎት ልል ወደ ጉኑኖ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ደነገጥኩ። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በመጨረሻ ለአበራ ደወልኩለት።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት።

«ምንም አልሆነችም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናታችን ጎን ተኝታለች። ስልኳን ራሷ ናት የዘጋችው።»